ጠበል የጠጣ ትምባሆ

በሁለት ሺህ አሥራ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ በወርኀ ታኅሣሥ፣ ከኮሶዬ ቁልቁል የሚወርደው ደረቅ ንፋስ የጎንደርን ከንፈር በሰነጣጠቀበት፣ ቧንቧው ሁሉ እንደ ጾመኛ ጉሮሮ በደረቀበት ሰሞን፣ የጡረተኛው የሻምበል ዳኛው ባለቤት ወይዘሮ የትነበርሽ ከጣውንቷ ጋር ብቻዋን ቀረች። ጣውንቴ የምትላት ሴት አልነበረችም፤ የሲጋር ሣጥን እንጂ።

ሣጥኗን ለሻምበል የሰጠው በምሥራቁ ጦርነት አብሮት የተሰለፈው ኩባዊው መኮንን ራሞን ነበር፤ «አብረን እናጨሳቸዋለን» ተባብለው ተለያዩ። ከዚያ ወዲያ መንግሥት ወደቀ፣ መንግሥት ተነሣ፤ ሻምበል ግን በክዳኗ ላይ ያለው የእርጥበት መለኪያ ቀስት ከሰባ ዝቅ እንዳይል፣ በውስጧ ያለውን ስፖንጅ ከጋራዥ የሚገዛ የተጣራ የባትሪ ውሃ እያጠጣ ኖረ። አሁን ራሞን ለጥምቀት ሊመጣ ነው፤ ሻምበል ደግሞ ለወንድሙ ተዝካር መካነ ብርሃን መሄድ ግድ ሆነበት።

«የትነበርሽ፣ አደራ፤» አለ ቦርሳውን እያነሣ፤ «ካልጠጣች ቅጠሉ ይሰነጣጠቃል።»

«እኔስ ተሰነጣጥቄ የለ? ምነው ለኔ አንድ ቀን እንኳ አላዘኑ?»

«አንቺ ማኅበርተኛ አለሽ፤ እሷ ከኔ በቀር ማን አላት?»

ሳቀች፤ እሱ ከሄደ በኋላ ግን ሣጥኗን አልነካችም። የማርያም ማኅበርተኛ ከጋራዥ ደጃፍ ቆማ ለትምባሆ ውሃ ስትገዛ ብትታይ ምን ትባላለች? ኋላ ሻምበል ደውሎ «ነገ እገባለሁ፤ ልጂቱ ሸጋ ናት?» ብሎ ስለ ሣጥኗ ቢጠይቃት፣ «ሸጋ ናት» ብላ ሮጣ ከፈተች። ቀስቷ አርባ እንኳ አልሞላችም። የባትሪ ውሃው ጠርሙስ ተንጠፍጥፏል፤ የጎረቤት ጀሪካን ሁሉ ባዶ ነው። በቤቱ የተገኘ ውሃ ጠበል ብቻ ነበር። እጇ ከልቧ ቀደመ፤ አፈሰሰችው። ስፖንጁ ጠጣ፤ ቀስቷም እንደ ዳነ በሽተኛ ቀና ቀና ማለት ጀመረች፤ የትነበርሽ ግን የሠራችው ያን ጊዜ ታያትና አማተበች።

በማግሥቱ ማልዳ ከነፍስ አባቷ ከመምሬ ገብረ ኢየሱስ እግር ሥር ወደቀች።

«አባቴ፣ ጠበሉን ትምባሆ ላይ አፈሰስኩት።»

«ምነው፣ ታሞ ነበር?»

ሰው ሲያለቅስ አይቶ ማሾፍ ለካህን አይገባምና መምሬ ወዲያው ፊታቸውን ሰበሰቡ። «ጠበል የነካው አይጨስም፤ ሜዳም አይጣልም። እግር ከማይረግጠው ቅበሪው፤ ደግሞ ደብሩ ግቢ እንዳታመጪብኝ! ለባልሽም እውነቱን ንገሪው።»

የትነበርሽ ከሁለቱ ትእዛዝ ቀላሉን ፈጸመች፤ ሲጋሮቹን ከጓሮ፣ ከጌሾው ሥር ቀበረቻቸው። ሻምበል ገብቶ ባዶውን ሣጥን ሲከፍት፣ «ሻግተው አገኘኋቸው፤ ጣልኳቸው» አለችው።

ይቆጣል ብላ ነበር። እሱ ግን መደቡ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«አብዝቼ አጠጥቻቸው ኖሯላ። መንገደኛ ነኝ ብዬ፣ እጄ ከበደ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«አይዞዎት» አለችና የሣጥኗን ክዳን ገጠመች።

በጥምቀት ዋዜማ ራሞን መጣ፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች ተቃቅፈው አነቡ። ሻምበል ሣጥኗን በሁለት እጁ አቀረበና እንደ ተማረከ ወታደር አንገቱን ደፋ።

«ወንድሜ፣ አደራህን በላሁ። እኔ ነኝ ያበላሸኋቸው።»

ራሞን ከት ብሎ ሳቀ፤ «ሐኪም ከከለከለኝ ስንት ዓመቴ!» አለ፤ ትከሻውንም መታው። ሻምበል አልሳቀም። ጠላ ልትቀዳ የቆመችው የትነበርሽ ማንቆርቆሪያዋን እንዳንጠለጠለች ነበር፤ አንድ ቃል ብትናገር ያ አንገት ቀና ይል ነበር። ጠላውን ቀድታ ወጣች።

በዚያው ዓመት ወረርሽኝ በዓለም ላይ ወረደ፤ በክረምቱም ሻምበል ዳኛው ታሞ በተኛበት አልጋ ለራሞን ደብዳቤ እንዲጻፍለትና ይቅርታ እንዲጠየቅለት አዘዘ። የትነበርሽ ራሷ ጻፈችው፤ እሱ እንደነገራት፣ አንድ ፊደል ሳታጓድል።

በቀብሩ ቀን አፋቸውን የሸፈኑ ጥቂት ለቀስተኞች ተራርቀው ቆመው የሕይወት ታሪኩ ተነበበ፤ የዋለባቸው ግንባሮች፣ ያገኛቸው ሜዳዮች፣ የተቀበለውን አደራ የማይበላ ሰው መሆኑም ሳይቀር። መምሬ ገብረ ኢየሱስ ከመስቀላቸው በላይ ወደ የትነበርሽ አዩ፤ እሷ መሬት መሬት አየች። ታሪክ የሻምበልን ጀግንነት ሳያዛንፍ መዘገበ፤ የሌለበትን ጥፋት ተሸክሞ መቃብር መውረዱን ግን የምታውቅ አንዲት መበለት ነበረች፤ እሷንም የጠየቃት አልነበረም።