እስከ ቡርማካን ደጅ

ቤጊማይ ከፈረስ ወድቃ ጭንቅላቷ ከተመታ አምስተኛ ሳምንቷ ነው። ሐኪሙ፣ «አንጎልሽ ተናውጧል እንጂ ራስ ቅልሽ አልተሰበረም። በየቀኑ ጥቂት ተራመጂ፤ ሲያዞርሽ አርፈሽ በነጋታው ቀጥዪ» ብሏት ነበር። ማን ሰምቶት! በናሪን ተራሮች ሥር ያለው የኪርጊዝ መንደር ሒሳብ አስተማሪ የሆነችው ቤጊማይ፣ ሰባት ጊዜ ስምንት የጠፋት ዕለት መጋረጃውን ዘግታ ተኛች። ክፉ ሐሳብ ደግሞ የሚበረታው ሰው ሲተኛ ነው። «አበቃልኝ። ለማንም ሸክም አልሆንም» አለች።

እጮኛዋ ታልጋት ሊጠይቃት ሲመጣ የጆሮ ጌጦቿን አውልቃ ዘረጋችለት። እናቱ ቡርማካን ለልጃቸው ሊያጯት መጥተው በገዛ እጃቸው ጆሮዋ ላይ ያደረጉላት ናቸው። መመለስ ማለት እጮኝነቱን ማፍረስ ነው።

ታልጋት ፊቱ አመድ መሰለ፤ እጁን ወደ ኋላ ሸሸገ።

«እኔ ምን አግብቶኝ? የሚቀበለው ያደረገልሽ ሰው ነው። ከፈለግሽ ራስሽ ሄደሽ ለእናቴ ስጫት።»

«ከድልድዩ ማዶ ድረስ? በዚህ ጭንቅላቴ?»

«ወጉ ነው እንግዲህ።»

«ክፉ ነህ!»

«ነኝ» አለ፤ የሐኪሙን ምክር ግን አልረሳም።

ቤጊማይ እልኸኛ ናት። በማግስቱ ጌጦቹን በመሐረብ ቋጥራ ወጣች። ታልጋት ላም ሲያልቡ የሚቀመጡበትን በርጩማ ተሸክሞ ተከተላት። ሦስተኛው ቤት ጋ መንገዱ ዞረባት።

«አየህ? አልድንም!»

በርጩማው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። አላባበላትም፤ ፀሐዩን በጀርባው ከልሎላት ቆመ። አለማባበሉ አናደዳት፤ ደግሞም ወደደችለት።

በነጋታው አራተኛው ቤት፣ በሌላ ቀን ወፍጮው ጋ ደረሱ። አንድ ቀን ከትናንቱ አንሳ ተመለሰች።

«ይኸው፣ ወደ ኋላ ሄድኩ።»

«ነገ እንወጣለን።»

ወጡ። ጎረቤቱ በርጩማውን አይቶ፣ «ታልጋት፣ ላሟ የታለች?» ብሎ ጮኸ።

«እኔ ነኛ!» አለች ቤጊማይ ሳታስበው። ከወደቀች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ታልጋት ዓይኑን ከእሷ ሊነቅል አልቻለም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ድልድዩ ላይ የወንዙ ጩኸት ራሷን ወጋት። አሁን ወድቄ እሞታለሁ የሚል ሐሳብ መጣባት። ታውቀዋለች፤ በየቀኑ ይመጣል፣ በየቀኑም ሲዋሽ ይዛዋለች።

«ና እንግዲህ፣ አብረን እንሻገር» አለችው ሐሳቡን። ተሻገረች።

ቡርማካን ሊጥ የነካ እጃቸውን እየጠረጉ ወጡ። መሐረቡን ሲያዩ ገባቸው።

«ልትመልሺልኝ ነው ልጄ?»

ቤጊማይ ዞራ ታልጋትን አየችው። መግቢያ አጥቶ ግድግዳ ግድግዳውን ያያል። እንደ ዛሬ ወዳው አታውቅም።

«እማማ፣ ራሴን አሁንም ያመኛል። አንዳንዴም እረሳለሁ። እፈራለሁ።»

«እና?»

«እና የሠርጉን ቀን ይቁረጡልን። እስክድን አልጠብቅም፤ በረዶው ሳይጥል ይሁን።»