የፊታውራሪ አወቀ ቧንቧ

ፊታውራሪ አወቀ አንድ እሑድ ጠዋት፣ ደብረ ማርቆስ ባለው ቤቱ፣ አዲስ ባስገባው የገላ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። «ሞተው ተገኙ» ማለት ይገባኝ ነበር። ነገር ግን ፊታውራሪነቱን የሰጡት ጣልያኖች ስለሆኑ አንቱታውንም እነሱ ይጨምሩለት።

ጣልያን በገባ በሁለተኛው ዓመት ነው። ለባንዲራቸው በመስገድ ከከተማው ሰው ሁሉ አወቀን የቀደመው አልነበረም። ሹመቱን ካገኘ በኋላ የአባቱ ቤት አስጠላው። አንድ ቀን ካፒቴኑ ቤት ተጋብዞ ግድግዳ ላይ ከተሰካ ብረት ውኃ ሲወርድ አየና እንቅልፍ አጣ። ጣልያኖቹ ባኞ የሚሉትን ክፍል በቤቱ ካላሠራ ሰው መሆኑንም ተጠራጠረ።

ሠሪ ሲያፈላልግ ድረስ የሚባል ሰው መጣለት። ድረስ ራሱን «ኢንጄኜሬ» እያለ የሚጠራ፣ አሥመራ ተምሬ መጣሁ የሚል፣ ግድግዳ ቀጥ ማለቱ የሚለካበትን ከባድ የብረት ቱንቢ እንደ ጌጥ ከወገቡ አንጠልጥሎ የሚዞር ሰው ነው። የአወቀ ሚስት ወይዘሮ ማንጠግቦሽ «ከዚህ በፊት የሠራውን ቤት ያሳየን» ብላ ነበር።

«አንቺ የባላገር ልጅ!» አላት አወቀ። «ኢንጄኜሬ እንደ በሬ ጥርሱ ታይቶ ነው እንዴ የሚገዛው?»

እንግዲህ ጥርሱ ሳይታይ የተገዛው ኢንጄኜሬ ጓሮ በርሜል አቁሞ ኖራ በጠበጠና ሥራውን ጀመረ። ግድግዳው ረጠበ። የእጅ ውኃ ቢደፋበት መውረጃው ተመልሶ ወደ ላይ አስታወከው። ሽታው ከእልፍኝ አልፎ ጎረቤት ደረሰ። ጉድለቱን የነገረው ሁሉ ከድረስ የሚያገኘው መልስ አንድ ነበር፤ «ገና አዲስ ስለሆነ ነው፤ ይለምዳል።» ቧንቧውን ግን ማንም እንዲነካው አልፈቀደም። እሑድ ካፒቴኑ ራሱ መጥቶ በክብር ይከፍተዋል፣ በመጀመሪያው ውኃም እጁን ይታጠባል ተባለ። አወቀ በዚህ ተስፋ ሳምንቱን ሙሉ እያፏጨ ከረመ።

እሑድ መጣ፣ ካፒቴኑም መጣ፣ ግን የጠበቀው አስከሬን ነበር።

ነገሩን ወዲያው «የፈታው» የአወቀ የወንድም ልጅ ውበቱ ነው። ውበቱ ለጣልያን ጠመንጃ ተሸክሞ የሚያድር፣ ከጠመንጃው ሌላ ምንም የማይከብደው ጎረምሳ ነው። «የገደለችው የብርጓል ናት!» አለ። የብርጓል የቤቱ ገረድ ናት። «ወንድሟ ዱር የገባ ሽፍታ ነው። ማታም ውኃ ስትቀዳ አይቻታለሁ።» ካፒቴኑ ሌላ ማስረጃ አላስፈለገውም። ልጅቷን ከበረንዳው ምሰሶ አሳሰራትና ፀሐይ ሳትጠልቅ ገበያው መካከል እንድትሰቀል አዘዘ።

ሆኖም ካፒቴኑ የአገር ልማድ አዋቂ መባልን ይወድ ነበር። ገዳይ ሲጠፋ የአገሬው ሰው በዳኛ ፊት ተሰብስቦ እውነቱ እስኪወጣ የማይበተንበት አውጫጭኝ የሚባል ሥርዓት እንዳለ ሰምቷል። ሕዝቡ በገዛ ዳኛው ፈረደባት እንዲባል ወደ ግራዝማች ደምለው ላከ።

ግራዝማች ደምለው የታወቁ ዳኛ ነበሩ። ጣልያን ከገባ ወዲህ በራቸውን ዘግተው፣ መንገድ ላይ ሹመኛ ሲያዩ ፊታቸውን እያዞሩ ይኖራሉ። መልእክቱ ሲደርሳቸው በቅሏቸውን አስጭነው መጡ። እኔ አንቱ የምላቸው እሳቸውን ነው።

«ለሟቹ እንዳልመጣሁ ይታወቅልኝ» አሉ ከበቅሏቸው ሳይወርዱ። «ልጅቷ የታለች?»

የብርጓል እጇ የኋሊት ታስሮ ከምሰሶው ሥር ተቀምጣለች። ግራዝማች አጠገቧ ቁጢጥ አሉ።

«አንቺ ነሽ ያገኘሽው?»

«አዎ ጌታዬ። ወለሉን ልጠርግ ገብቼ ነው።»

«ፊቱ እንዴት ነበር?»

«የተኛ ይመስላል። ዓይኑም አፉም ክድን ብሏል።»

«የከደንሽው አንቺ ነሽ?»

«ኧረ እኔ አልነካሁትም! ጮኼ ወጣሁ እንጂ። ከዚያ ወዲህም ደፍሮ የገባ የለም፤ ካፒቴኑም ከበሩ ላይ ሆኖ ነው ያየው።»

«የቀዳሽው ውኃስ?»

«በየማድጋው ሙሉውን አለ። ሄደው ይዩት። ጌታዬ፣ ይሰቅሉኛል እንዴ?»

«እኔ እያለሁ አይሰቅሉሽም» አሉ ግራዝማች። ይህን ሲሉ ድምፃቸው ተሰበረ፣ እሳቸውም በዚያ ተናደው ብድግ አሉ። ማድጋዎቹን አንድ ባንድ ከፍተው አዩ። ሁሉም እስከ አፉ ሙሉ ነው።

ከዚያ ወደ ባኞው ገቡ። አወቀ በገንዳው ውስጥ በጀርባው ተንጋሏል። ገንዳው በምሥራቅ በኩል ለጀርባ መደገፊያ ጋደል ተደርጎ የተሠራ ነው። ቧንቧው ያለው በምዕራቡ ግድግዳ ነው። የሟቹ ራስ ግን መደገፊያው ላይ ሳይሆን ወደ ምዕራብ፣ ከቧንቧው ሥር ነበር። ውኃው በመውረጃው አፈትልኮ አልቋል ማለት ይቻላል፤ በደረሰበት ልክ ግን በገንዳው ዙሪያ ነጭ መስመር ትቷል። መስመሩ ወደ እግሩ ከፍ፣ ወደ ራሱ ዝቅ ያለ ነው። ግራዝማች በጣታቸው ጠረግ አድርገው አሸተቱት። የኖራ ሽታ አለው።

አስከሬኑን አገላበጡ። ከማጅራቱ በላይ እብጠት አለ። በሁለቱ የእግር አውራ ጣቶች ላይ ደግሞ ቀጭን ሰርጓዳ ምልክት አለ፤ ከአንዱ ጥፍር ሥርም አንዲት የቃጫ ጭረት ተጣብቃለች። ግራዝማች ቃጫዋን ነቅለው በመሀረባቸው ቋጠሯት። በመጨረሻ ማንም ሳያያቸው ቧንቧውን አዞሩት። አንዲት ጠብታ አልወረደችም። መልሰው ዘጉትና ድረስን አስጠሩ።

«ኢንጄኜሬው አንተ ነህ?»

«ሲ ሲኞር… ማለቴ፣ አዎን ግራዝማች።»

«ምን ገደለው ትላለህ?»

«ችኮላ ነው የገደላቸው። ካፒቴኑ ሳይመጡ ልሞክረው ብለው ከፈቱት። ገንዳው እስከ አፉ ሞላ፣ ሳሙናው አዳለጣቸው፣ ራሳቸውን መታቸውና ሰጠሙ።»

«ታዲያ ልጅቷ በምን ትሰቀላለች?»

ድረስ ትከሻውን ሰበቀ። «እሱን እንግዲህ ካፒቴኑ ያውቃሉ።»

«ውኃው በዚህ ቧንቧ የመጣ ነው?»

«በምን ይመጣል ታዲያ? ከምንጩ ጀምሬ ብረት ቀብሬ፣ መጋጠሚያውን ሁሉ በቃጫ ጠቅልዬ ያመጣሁት ነው!»

«ገንዳው ጋደል ብሏል ልበል?»

«ገና አዲስ ስለሆነ ነው» አለ ድረስ። «ይለምዳል።»

ወይዘሮ ማንጠግቦሽ እልፍኝ ውስጥ ጥቁር ለብሳ ተቀምጣለች። ዓይኗ ደረቅ ነው፤ ማልቀስ ቢያቅታት የሚፈርድባት ሰው ያለ አይመስለኝም።

«ማታ ምን ሰማሽ?» አሏት።

«እራት ሳይቀርብ "እስቲ ልሞክረው" ብሎ ገባ። ቆይቶ ሲጮህ ሰማሁት። "አዋረድከኝ!" ነው ያለው። ሁልጊዜ ስለሚጮህ ዝም አልኩት። ለእራት ሲቀርም አኩርፎ ነው ብዬ ተኛሁ።»

«"አዋረድከኝ" ነው ያለው?»

«አዎ። ለካፒቴኑም ነግሬዋለሁ። "ቤኔ፣ ቤኔ፣ ገረዷን ነው" አለኝ።»

ግራዝማች ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። «በዚህ አማርኛው ነው አገር የሚገዛው?» ብለው ወጡ።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም በግቢው ተሰበሰበ። ካፒቴኑ ወንበር ላይ፣ ውበቱ ከኋላው፣ ድረስ ከነቱንቢው በስተቀኝ፣ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ በስተግራ ሆኑ። የብርጓል ከምሰሶዋ ሆና የግራዝማችን አፍ ታያለች። አስከሬኑ በአልጋ ወጥቶ መካከል ተቀምጧል።

«ነገሩን ከመጀመራችን በፊት ሟቹ ይገነዝ» አሉ ግራዝማች። «ሬሳ እንዲህ ተጋድሞ ዳኝነት አይጀመርም። ውበቱ፣ የሥጋ ዘመዱ አንተ ነህ። የእግሩን አውራ ጣቶች እሰርለት።»

ውበቱ ፈትሉን ተቀብሎ ተንበረከከ። ፊቱን ወደዚያ አዙሮ፣ እንደ በቅሎ እግር ቁርጭምጭሚቱን ጠፍሮ ማሰር ጀመረ። ፈትሉ ተበጠሰ። እንደገና ቋጠረው፣ ተፈታ።

ድረስ መጀመሪያ ቁጭ ብድግ አለ። ከንፈሩን ነከሰ። መጨረሻ ላይ ግን አልቻለም።

«ኧረ ተው! እንዲህ አይደለም!» ብሎ ውበቱን ገፍትሮ ተንበረከከ። ሁለቱን አውራ ጣቶች በቀስታ አጋጠመ፣ ፈትሉን አዙሮ አጠበቀ፣ ቋጠሮውን ወደ ውስጥ ሸሸገ። የሟቹን አገጭ በመዳፉ ደግፎ አስተካከለ። ያን ቤት ሲያፈርስ የከረመው እጅ ያ ነው ብሎ ማን ያምናል?

«ወጉን የጠበቀ ነው» አሉ ግራዝማች። «የት ተማርከው?»

«አሥመራ» አለ ድረስ፣ ልማድ ሆኖበት።

አንድ ሰው ሳቀ። ድረስ የሠራውን ያወቀው ያን ጊዜ ነው፤ እጁን ከአስከሬኑ ላይ እንደ እሳት ነጠቀው።

«አሁን ስሙኝ» አሉ ግራዝማች ተነሥተው። «ሰጥሞ የሞተ ሰው የገዛ ዓይኑንና አፉን አይከድንም። ይህን ሰው ገላው ሳይቀዘቅዝ የከደነው ሰው አለ። ገላውን ሊታጠብ የገባ ሰው ራሱን መደገፊያው ላይ ያሳርፋል እንጂ ቧንቧ ሥር አይከትም። ይህ ግን ራሱ ወደ ምዕራብ፣ እግሩ ወደ ምሥራቅ ነው። ክርስቲያን ሞቶ ሲቀበር እንዴት እንደሚጋደም የማታውቁ አላችሁ?»

አንዳንዱ ወደ ምሥራቅ ዞሮ አማተበ።

«በእግሩ ጣቶች ላይ ምልክት አለ። አሁን የታሰረው ፈትል ያረፈው በዚያው ምልክት ላይ ነው፤ ካፒቴን፣ ቀረብ ብለህ እይ።»

ካፒቴኑ ቀርቦ፣ ፈትሉን በጣቱ ገለል አድርጎ አየ፣ ፊቱንም አጨማደደ።

«ገዳዩ በድንጋጤው ውስጥ እጁ የለመደውን ሠራ» አሉ ግራዝማች። «ዓይኑን ከደነ፣ ጣቶቹን በቃጫ አሰረ። ቆይቶ፣ ተገንዞ የሰጠመ ሰው እንደማይኖር ሲገባው ቃጫውን ቆረጠ። ይህች ግን ቀረችበት።» መሀረባቸውን ፈቱ። «ቃጫ በዚህ ቤት የቧንቧ መጋጠሚያ መጠቅለያ ነው።»

«ቃጫ ማንም ያነሣል!» አለ ድረስ።

«ያነሣል። አውራ ጣት እንዲህ የሚያስር ግን ገናዥ ብቻ ነው። ወንድን የሚገንዝ ወንድ ስለሆነ ሴቶቹ ነጻ ናቸው። ውበቱ ደግሞ ሲያስር አይታችሁታል። ሟቹስ ቢሆን "አዋረድከኝ" ነው ያለው። ሴት ብትሆን "አዋረድሽኝ" ይል ነበር። ይህን የእናቱን ጡት የጠባ ሁሉ ያውቀዋል፤ ካፒቴኑ ግን ሌላ ጡት ነው የጠባው።»

«ለምን እገድላቸዋለሁ?» አለ ድረስ።

«አንተ አልነገርከኝም እንዴ? ገንዳው እስከ አፉ ሞላ አልክ። የውኃው መስመር በራሱ በኩል ከጆሮው አያልፍም፤ ገንዳውን ውኃ ልክ ሳትይዝ ስላስቀመጥከው ውኃው ሁሉ ወደ እግሩ ሸሽቷል። በእግሩ የሚሰጥም ሰው አይቼ አላውቅም። ውኃው ደግሞ የምንጭ ውኃ አይደለም፣ ኖራ ነው። ከጓሮ ካለው የኖራ በርሜልህ እየቀዳህ አፈሰስክበት። ውኃ በቧንቧው መጣ እንዲባል ከአንተ በቀር የሚጨነቅ ማን ነው? ካፒቴን፣ ግባና ክፈተው። ልትከፍተው አልነበር የመጣኸው?»

ካፒቴኑ ገባ። ቧንቧው ሲንጫጫ በግቢው ላሉት ሁሉ ተሰማ፤ ውኃ ግን ጠብ አላለም። ግራዝማች ከውጭ ሆነው የባኞውን ግድግዳ በበትራቸው ቆርቆር ሲያደርጉት የረጠበው ልስን ተገነጠለ። ከቧንቧው የሚነሣው ብረት ከክንድ ሳያልፍ በእንጨት ተወትፎ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ያለው ጭቃ ብቻ ነው።

«ለካፒቴኑ አሳልፌ እሰጥሃለሁ አለኝ» አለ ድረስ መሬት መሬት እያየ። «የመንግሥትን ክብር አዋርደሃል ብዬ አሰቅልሃለሁ አለኝ። ጀርባውን ሲያዞር በቱንቢው መታሁት። ደብረ ኤልያስ ገናዥ ነበርኩ፣ ግራዝማች። ሰው ግን ገናዥን ይሸሻል። ኢንጄኜሬ ሲሉኝ ሁሉም በክብር አስቀመጠኝ።»

«ልጅቷ ብትሰቀልስ?»

ድረስ ቱንቢውን ከወገቡ ፈትቶ መሬት አስቀመጠ። ግራዝማች ፊታቸውን አዞሩበት።

ወታደሮቹ ድረስን ሲይዙት፣ ካፒቴኑ ከባኞው ወጥቶ ወደ የብርጓል ሄደ። ገመዷን በገዛ ቢላዋው ቆርጦ ወደ በሩ አመለከታት።

«ሂድ!» አላት።

ግራዝማች ሳቃቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ከለሉት። ልጅቷ ልትሰቀል የነበረው በወንድ አንቀጽ ነበር፣ የተፈታችውም በወንድ አንቀጽ ሆነ።

ካፒቴኑ እዚያው ቆሞ የአስከሬኑን ጣት የነኩትን እጆቹን ከገላው አርቆ ዘረጋ። «ውኃ!» አለ። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ዞር ብላ፣ እንደ ልማዷ፣ «የብርጓል፣ አስታጥቢው» አለች።

የብርጓል ገመድ የበላውን ክንዷን እያሸች ተነሣች። ደጃፉ ላይ የተቀመጡትን ማድጋዎቿን አየች፤ እያንዳንዳቸውን ከወንዝ በጀርባዋ ያመጣቻቸው እሷ ናት። ከዚያ ነጠላዋን አጣፋች፣ በተዘረጋው እጅ አጠገብ አልፋ ወደ በሩ ሄደች፣ ከመውጣቷ በፊትም አንዴ ዞር አለች።

«ቧንቧውን ይክፈቱለት እመቤቴ» አለችና ወንድሟ ወዳለበት ዱር የሚወስደውን መንገድ ያዘች።