በጾመኛ ቤት የገባ ቁጫጭ

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር አረጋ በገዛ ቤቱ፣ በሚስቱ ዘነዘና አናቱን ተመትቶ ከሞተ ገና ግማሽ ቀን አልሞላውም። ምክትሉ ታፈረ ግን ገዳይዋን ፈልጎ፣ ፈርዶባት፣ አስሯት ጨርሷል። ሃምሳ አለቃ ሙሉሃብት ከላሊበላ በበቅሎ ሲደርስ የሟችን ሚስት ወለላን እጇ የፊጥኝ ታስሮ በሁለት ታጣቂዎች መሃል ቆማ አገኛት።

«ባሏን ገድላ ታልቅስ እንዴ? ከልክያታለሁ» አለ ታፈረ የካኪ ኮቱን እያስተካከለ። «ጓድ ሃምሳ አለቃ፣ ምን ያደክምዎታል? ዘነዘናው የሷ፣ ቤቱ የሷ። ነገ አውራጃ እንልካታለን፤ የሚጠብቃት ጥይት ነው።»

ሙሉሃብት በሃያ ዓመት የፖሊስ ሥራው ብዙ ሌባ አይቷል፤ ሌብነቱን ትግል ብሎ የሚጠራ ሌባ ግን ከአብዮቱ ወዲህ ነው የገጠመው። እንዲህ ያለውን ሰው ሲያይ ጥርሱን ያመዋል። ወደ ሴትየዋ ዞረ።

«እትዬ ወለላ፣ የት ነበሩ?»

«ጎህ ሲቀድ ምንጭ ወረድኩ። ስመለስ ወድቆ አገኘሁት።»

የሟች ወንድም ጋሻዬ ከአጥሩ ሥር ተነሣ። «እኔ ማዶ እያረስኩ ነበር። ነገሩ ወዲህ ነው፤ ይኼ ታፈረ የራሱን ልጅ ከብሔራዊ ውትድርና ሰርዞ የኔን አንድ ልጅ ጻፈበት። ወንድሜ ዛሬ በስብሰባ ሊያጋልጠው ነበር።»

«የአድሃሪ ወሬ ነው» አለ ታፈረ። «እኔ ከቅበላ ወዲህ የዚህን ቤት ደፍ አልረገጥኩም። ከጾመኛ ጋር ምን አለኝ? ጾም የፊውዳል ልማድ ነው። ትናንት ሙክት አርጄ፣ ዛሬም በማለዳ ጮማዬን በእጄ ይዤ ግጬ ነው የወጣሁት።»

«ይታያል» አለ ሙሉሃብት በስብ የወዛውን የኮቱን እጅጌ እያየ፤ ወደ ቤት ገባ።

የበልግ ዝናብ ሁለት ቀን ጥሏል። ከግድግዳው ስንጥቅ የወጣ ቁጫጭ ወለላ የነሰነሰችውን አመድ ዞሮ ወለሉን ሞልቶታል። ሬሳው አጠገብ በወደቀው ዘነዘና ላይ፣ ደሙ ያለበትን ጫፍ መክበቡ ሙሉሃብትን አልገረመውም። ግን ሰው የሚጨብጠውን ቦታ ጭምር ከቦታል። እፍ ብሎ አራገፈና በጣቱ ዳሰሰው፤ እንደ ሰም የረጋ ነገር ነው። አሸተተው። ከዚያ ድስቱንም ቅሉንም አንድ በአንድ ገልብጦ አየ። ሁሉም ለጾሙ በአመድ ታሽቶ ነጽቷል።

ወጥቶ ሁሉንም ደጃፉ ላይ ሰበሰባቸው።

«ቁጫጭ በዚህ ወራት ቤት የሚገባው ወዶ አይደለም» አለ። «ሙቀቱ ይቀሰቅሰዋል፣ ዝናቡ ጉድጓዱን ይሞላበታል፣ ሜዳው ላይ ገና ፍሬ የለም። ስለዚህ ጣፋጭና ስብ እያሸተተ ይመጣል። ዘነዘናው መያዣ ላይ ያገኘው የኑግ ዘይት አይደለም፤ የበግ ጮማ ነው።»

«የጸጉሯ ቅቤ ይሆናል» አለ ታፈረ ቶሎ ብሎ።

ሙሉሃብት የወለላን እጅ ፈታ። «ሻሽዎን ገለጥ ያድርጉልኝ።» ገለጠችው። ለእናቷ ሐዘን የተላጨ ራስ ነበር።

ከዚያ የጋሻዬንና የታፈረን ዱላ ተቀብሎ ከራሱ አለንጋ ጋር ቁጫጩ የሚሄድበት መንገድ ላይ አጋደማቸው። ቁጫጩ አለንጋውንና የጋሻዬን ዱላ ተሻግሮ መንገዱን ቀጠለ። የታፈረ ዱላ መያዣ ላይ ግን ሰፈረ።

«የዚህ ቤት ዕቃ በቅበላ ታጥቧል፤ ጮማው ከዚያ ወዲህ የገባ ነው» አለ ሙሉሃብት። «ከናንተ መሃል በጾም ጮማ በልቻለሁ ያለ አንድ ሰው ነው። ደፉን አልረገጥኩም ያለውም እሱው ነው። ሚስት ውሃ ስትወርድ ጠብቀህ፣ እጅህን እንኳ ሳትታጠብ ገባህ።»

«ቁጫጭ ምስክር ይሆናል?» ታፈረ ሊስቅ ሞከረ።

«ካንተ ይሻላል። የበላውን አይክድም።»

ታፈረ ወደ ታጣቂዎቹ ዞረ፤ ሁለቱም መሬት መሬት አዩ። ያን ጊዜ የሙሉሃብት እግር ላይ ወደቀ።

«በቅዱስ ላሊበላ ይዤዎታለሁ ሃምሳ አለቃ። ልጄን ሊወስዱብኝ እኮ ነው!»

«ጾሙን ስትሽር የናቅኸውን ጻድቅ ዛሬ አማላጅ አደረግኸው?» አለው ሙሉሃብት፤ ሊያየው እንኳ አልፈለገም። «እሰሩት።»

ወለላ ይህን ለመስማት አልቆመችም። ገብታ ከባሏ ፊት ላይ ቁጫጩን በነጠላዋ አራገፈችና ሲከለክሏት የዋሉትን ልቅሶ አቀለጠችው።