በአባቷ ስም ያለፈችው ፈተና

ስልኩ ጠረጴዛው ላይ እንደገና ተንቀጠቀጠ።

«ኤጭ! አሁንስ አበዛው!» አለ አባቷ። ኩሽናው ውስጥ ማጠቢያው ሥር ተኝቶ፣ የተደፈነውን ቧንቧ በመፍቻ እየታገለው ነው፤ የሚታየው ከወገቡ በታች ብቻ ነው። «ጮሊት፣ እስቲ የኔ ልጅ፣ ‹አዎ› በይልኝና ይገላግለኝ።»

ጮሊት የፊዚክስ መጽሐፏን ገፋ አደረገችና ስልኩን አየችው። ትምህርት ቤት የምትጠራበት ስም ሌላ ነው፤ ጮሊት ያሏት ነገር ቶሎ ስለሚገባት ነው። ስልኩ ላይ «ወደ ሆስፒታሉ ኮምፒውተሮች እየገባህ ያለኸው አንተ ነህ?» የሚል ጥያቄ መጥቷል። ከሥሩ «አዎ» እና «አይ» ይላል።

አባቷ ያለው ቧንቧ ሥር ነው። ታዲያ የሚገባው ማን ነው?

«አባዬ፣ አንተ እኮ ምንም አልከፈትክም።»

«አውቃለሁ። ያ አዲሱ ፕሮግራም ነው። ካስገቡት ጀምሮ ሲነተርከኝ ነው የሚውለው። በይ፣ አንዴ ተጫኝውና ይብቃው።»

አባቷ የትልቁን ሆስፒታል ኮምፒውተሮች ከሌባ የሚጠብቅ ባለሙያ ነው። ሲቀልድ «ዱላ የሌለኝ ዘበኛ ነኝ» ይላል። በየዓመቱ የሙያ ማሻሻያ ትምህርት በኢንተርኔት ይላክለታል፤ ፈተናውን ያላለፈ ሥራው ላይ አይቆይም። ዘንድሮ ግን «እኔ በዚህ ሥራ ስሸብት፣ ይህን ያዘጋጁት ልጆች ገና ዳዴ ይሉ ነበር!» አለና ላፕቶፑን ወደ ጮሊት ገፋው። «አንቺ ጠቅ ጠቅ እያደረግሽ ጨርሺልኝ። ለእናትሽ ግን ትንፍሽ እንዳትይ።»

እሷም ጨረሰችለት። ስትጀምረው ለሳቅ ነበር፤ እያደር ግን ጣማት። ከትምህርቶቹ አንዱ ስለዚሁ ነገር ነበር። ሌባ የይለፍ ቃልህን ከሰረቀ በኋላ የሚቀረው አንተ ስልክህ ላይ «አዎ» ማለትህ ብቻ ነው። ስለዚህ ደጋግሞ ይጠይቅሃል፣ ያሰለችሃል፣ እስክትረታለት ድረስ አይተውህም። ጥያቄው ፈተናው ላይም መጥቶ በትክክል መልሳዋለች። ሙሉ ውጤት አመጣች፤ በአባቷ ስም።

«አባዬ፣ ትምህርቱ ላይ እኮ እንደዚህ ሲመጣ…»

«አቦ፣ ያንን ትምህርት ተዪኝ!»

አባቷ እየተሳበ ከማጠቢያው ሥር ወጣና እጁ ውሃ እያንጠባጠበ ስልኩን አነሳ። ልትነጥቀው ትችል ነበር። ግን ማን ነው ከአባቱ እጅ ነጥቆ የሚሮጥ? እሱም በእርጥብ አውራ ጣቱ «አዎ» የሚለውን ተጫነው።

«ይኸው፣ ዝም አለልሽ» አላት።

እውነትም ስልኩ ዝም አለ። ጮሊትን ያስፈራት ደግሞ ዝም ማለቱ ነው። ትምህርቱ ቀጥሎ የሚመጣውን ነግሯታል፤ ሌባው ከገባ በኋላ መጀመሪያ የሚያደርገው ባለቤቱን ወደ ውጭ አስወጥቶ በሩን ከውስጥ መቀርቀር ነው።

«አባዬ፣ እስቲ በላፕቶፑ ግባ። እባክህ፣ አሁን ግባና አሳየኝ።»

«አይ አንቺ! ሼባውን ሥራ ልታስተምሪው ነው?» ብሎ ሳቀና እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ተቀመጠ። የይለፍ ቃሉን ጻፈ። ትክክል አይደለም አለው። ቀስ ብሎ፣ ፊደል በፊደል፣ ደግሞ ጻፈ። አሁንም ትክክል አይደለም። ሳቁ ከፊቱ ላይ ቀስ በቀስ ሲጠፋ ጮሊት እያየችው ነበር።

«ተበላን» አለች።

እናቷ በዚያው ሆስፒታል የማዋለጃ ክፍል ነርስ ናት፤ ዛሬም ተረኛ ናት። የወላዶቹ የደም ዓይነት፣ የሚወስዱት መድኃኒት፣ የማይስማማቸው መድኃኒት፣ ሁሉም ያለው እዚያ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። የማታውቀው ሰው ያንን ሁሉ ሲያተራምሰው ታያት።

«ለኃላፊህ ደውል፣ አባዬ። ቶሎ ከታወቀ መስመሩን ቆርጠው ያስወጡታል። ከዘገየ ግን ሁሉን ነገር ቆልፎት ቁጭ ነው!»

አባቷ አልተነሳም። ዓይኑ ስክሪኑ ላይ ፈጦ ቀረ።

«ምን ብዬ ነው የምደውለው? እሷን እኮ ሥራ ያስለመድኳት እኔ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ‹ጋሼ ሙሉ ውጤት አመጡ› ብላ በሰው ሁሉ ፊት አስጨብጭባልኛለች።» ድምፁ ዝቅ አለ። «ደግሞ ልንገርሽ፣ መጀመሪያ ራሴ ሞክሬው ነበር። አንቺ ሳታዪ። ወደቅሁ። ሁለቴ ወደቅሁ። ንቄው አይደለም፣ ልጄ። አልገባ ብሎኝ ነው።»

ጮሊት አባቷ ሲፈራ አይታ አታውቅም። ቤቱ ውስጥ ጨለማ የምትፈራው እሷ ናት፣ ውሻ የምትፈራው እናቷ ናት። አሁን ግን ከንፈሩ ደርቆ፣ ትከሻው ወርዶ፣ እሷን እንደ ትልቅ ሰው እያየ መልስ ይጠብቃል። ይህ ከሌባው በላይ አስፈራት። ስልኩን አንስታ እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

ደወለ። ድምፅ ማጉያውን ከፍቶ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«አቤት ጋሼ!» አለች ኃላፊዋ፤ ድምፅዋ ሳቅ ሳቅ ይላል።

«እ… አንድ ችግር ገጥሞኝ ነው። ስልኬን… ስልኬን ሌባ ወስዶብኝ ነበር። አሁን ገና ነው የተገኘው።»

«ውይ! እርስዎን ግን ምንም አላደረጉዎት? በሉ እንግዲህ ከየት ሰፈር፣ ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደጠፋ ይንገሩኝ። ልጆቹ በዚያ ሰዓት በስልኩ የተነካውን ይፈትሹ።»

ጮሊት ክው አለች። ሌባው ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ እነሱ ያልተሰረቀ ስልክ ዱካ ሲከተሉ እሱ ሥራውን ይጨርሳል። እውነቱን ብትናገር ደግሞ አባቷ ከሥራ ሊባረር ነው። ያውም በሷ አፍ! «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ትላለች እናቷ፣ ሕመማቸውን ደብቀው ደብቀው ሲብስባቸው ስለሚመጡ ሰዎች ስታወራ። እናቷ አሁን እዚያ ናት።

«ስልኩ አልተሰረቀም» አለች ጮሊት። ድምፅዋ ቀጭን ሆኖ ወጣ።

አባቷ ቀና ብሎ አያት። ይጮህብኛል ብላ አንገቷን ሰበረች።

«ማን ናት?» አለች ኃላፊዋ።

«ልጄ ናት።» ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። «እውነቷን ነው። ስልኩ ከእጄ አልወጣም። ጥያቄው ደጋግሞ ሲመጣ ሰለቸኝና ‹አዎ› አልኩት። አሁን የይለፍ ቃሌ ተቀይሯል። ሰው ገብቷል።»

«ግን ጋሼ… ይህንን ትምህርት እኮ ጨርሰዋል።»

«እኔ አልጨረስኩትም። ሌላ ሰው ነው የተፈተነልኝ።»

ማን እንደሆነ አልተናገረም። ከወዲያ በኩል የኮምፒውተር ቁልፎች ሲመቱ ብቻ ተሰማ፤ ኃላፊዋ በፍጥነት እየጻፈች ነው።

«ሁሉንም ልዘጋው ነው» አለች በመጨረሻ። ሳቁ ከድምፅዋ ጠፍቷል። «እስኪጣራ ድረስ ሆስፒታሉ በወረቀት ይሠራል። ምን እንደወሰዱ ገና አላውቅም። የእርስዎን ጉዳይ… ሰኞ ቢሮ ይምጡ።»

ስልኩ ተዘጋ። አባትና ልጅ ፊት ለፊት ተቀመጡ። አባትየው ያንን «ሰኞ» የሚለውን ቃል በልቡ ሲያመላልሰው ያስታውቅበት ነበር።

ብዙም አልቆየ፣ የአባቷ ስልክ ጠራ፤ እሱ ግን አላነሳውም። ቀጥሎ የጮሊት ስልክ ጮኸ። «እማዬ» ይላል።

«ጮሊት!» አለች እናቷ ገና ሲነሳላት። ከኋላዋ ሰው ይሯሯጣል፣ አንዲት ሴት ታቃስታለች። «ስክሪኑ ሁሉ ድርግም አለብን! ካርድ በእጃችን እየጻፍን ነው። አባትሽ ስልክ አላነሳልኝ አለ። እዚያ አለ?»

አባቷ በሁለት እጁ «የለም በያት» ብሎ ምልክት አሳያት። ዓይኑ ይለምናታል።

ጮሊት አየችው። አሳዘናትም፣ አስፈራትም። ወንበሯን ስባ አጠገቡ ተቀመጠች፤ ትከሻዋ ትከሻውን ነካው።

«አለ፣ እማዬ። አጠገቤ ነው» አለች። «የሚነግርሽ ነገር አለው። እኔም አለኝ።»