በጥቅምት የታየችው ጠብታ

መምህርት ስርጉት ቢቸና ላይ ስድስት ዓመት ባዮሎጂ ስታስተምር የሕይወትን መነሻ በጠመኔ ስላ አሳይታለች እንጂ በዓይኗ አይታው አታውቅም።

በጥቅምት አንድ ጠዋት የላም አዳቃዩ ቴክኒሻን ምንይሉ ቤተ ሙከራዋን አንኳኳ። የኮርማ ዘር የሚይዝበት ማቀዝቀዣ ዕቃ መንገድ ላይ ተገልብጦበት፣ ዘሩ ይሙት ይዳን አላወቀም።

«መምህርት፣ ማይክሮስኮፕዎን ቢያውሱኝ? የወይዘሮ ውበቴ ላም ዛሬ ካልተዳቀለች ሦስት ሳምንት መጠበቅ ሊሆን ነው።»

ከዘሩ አንዲት ጠብታ መስታወት ላይ አኑሮ አየ። ከዚያ ቦታውን ለቀቀላት።

ስርጉት ጎንበስ ብላ አየች። ቁጥር የሌለው ፍጥረት እየተጋፋ ይዋኛል።

«ሕይወት የሚጀምረው እንግዲህ እዚህ ነው?» አላት።

«ይሄማ ቀድሞም ሕያው ነው፤ የላሟም እንቁላል እንዲሁ። ሁለቱ ሲገናኙ ነው አዲሱ ፍጥረት የሚጀምረው።»

ይህን ስድስት ዓመት ብላዋለች። ዛሬ ግን ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ ሳታነሣ ነው ያለችው።

ላሟ በዚያው ቀን ተዳቀለች። ከዚያ ወዲህ ምንይሉ በየወሩ እየመጣ የላሟን ወሬ ይነግራት ጀመር። ላሟ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ብትሆን እንኳ ይህን ያህል ሪፖርት አይቀርብላትም። በጥር «ከብዳለች» አላት። በመጋቢት «እርስዎ» ማለቱን ተወ። በሚያዝያ «ጥጃው ሲገፋኝ በእጄ ዳሰስኩት» አላት።

ስለ ልቡ ግን ትንፍሽ አላለም። እናቷ ወዳለችበት ሞጣ ለመዛወር ማመልከቷን ሰምቷል፤ ልጅን ከእናቷ ማስቀረት ነውር መሰለው። እሷ ደግሞ ዝምታውን አለመፈለግ አድርጋ ያዘችው፤ ከፍቷትም ሰነበተች።

ዝውውሩ በሐምሌ ተፈቀደ። በዚያው ሳምንት ላሟ አማጠች፤ ስርጉት በጭቃው እየሮጠች ወይዘሮ ውበቴ ግቢ ደረሰች።

ጥጃው ወደቀ፤ ግን አልተነፈሰም። ምንይሉ አፍንጫውን ጠርጎ ደረቱን በጭድ ያሸው ጀመር፤ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። ደጋግሞ አሸ። በመጨረሻ ጥጃው አስነጠሰ፤ ጎኑም ከፍ ዝቅ ማለት ያዘ።

ወይዘሮ ውበቴ አማተቡ። ስርጉት እንባዋን መያዝ አልቻለችም። ያቺ ጠብታ ጆሮ አውጥታ፣ ሽፋሽፍት አብቅላ ታያታለች።

«መቼ ነው የምትሄጂው?» አለ ምንይሉ፣ ቀና ሳይል።

«ማክሰኞ።»

እጁ ጥጃው ላይ ቆመ፤ ያን ጊዜ ዝምታው አለመፈለግ እንዳልነበረ ገባት።

«ዝውውሩን ትቼዋለሁ» አለች። «የምሄደው ለእናቴ ልነግራት ነው። ሽማግሌ ድንገት ሲመጣባት አትወድም።»

ምንይሉ ቀና ብሎ አያት።

«ሽማግሌው ከኔ ቤት ይነሣል፤ ባለቤቴ አለ» አሉ ወይዘሮ ውበቴ። «አሁን ጥጃዬን ጡት አስይዙልኝ።»

ሁለቱም ጎንበስ ብለው አነሡት።