የወይራው ዱላ

«ማሻ አላህ! ይሄ ልጅ እጁ ሙያ አለው» አሉ አባቷ፣ የሙሄዲንን ትከሻ መታ መታ እያደረጉ።

ኢብቲሳም ሳፋው ውስጥ የነከረችውን የጎማ ከመነዳሪ ጨመቅ አደረገችው። አረፋው የቱ ጋ እንደወጣ እንኳ አላየችም።

ሙሄዲን የአጎቷ ልጅ ነው። መርሳ የመጣው አምና፣ ከግራና፣ እነሱ ቤት ሆኖ ሊማር ነው። ክሪክ የት ላይ እንደሚገባ፣ የቸርኬ ብሎን ወደየት እንደሚዞር ያሳየችው እሷ ናት። አባቷ ጋሽ ሲራጅ የመኪና ጠርዝ የሚያጥፉበትን የወይራ ዱላ የሰጡት ግን ለእሱ ነው። እሷን «አንቺ ከመነዳሪ ፈትሺ፣ ከዚያ ግቢና አጥኚ» ይሏታል። ቀናች። ምሳ ሲበላ እንኳ አጎራረሱ ያናድዳት ጀምሯል።

የአባቷ ጎሚስታ ቤት ደጃፍ የቆመችው ነጭ ዲኤክስ የሚስባህ ናት። ነገ ሙሽራ ነው፤ ሚስቱን ከወልድያ የሚያመጣት በዚችው መኪና ነው። ሞላዋን አስቆርጦ ዝቅ አስደርጓታል፣ ሰፋፊ ቸርኬም አስገጥሞላታል። ፏ ብላለች። ችግሩ፣ ጉድጓድ ስትገባ የኋላ ጎማዋ ከበላዩ ካለው የፓራፋንጎ ጠርዝ ጋር ይፋተጋል።

ሙሄዲን ዱላውን በጎማውና በጠርዙ መሀል ሰክቶ ያዘ፤ መኪናዋ ቀስ እያለች ስትገፋ ጠርዙ ወደ ውስጥ ታጠፈ። አባቷ እስከ ድልድዩ ነድተዋት ተመለሱ። ድምፅ የለም። ወዲያው የዙሁር አዛን ተሰማና «ሚስባህ ከመጣ ጠብቀኝ በሉት» ብለው ወደ መስጊድ ሄዱ።

ኢብቲሳም እንከን ፍለጋ ጎንበስ አለች። አገኘችም። በጠርዙና በጎማው መሀል የገባው አንድ ጣቷ ብቻ ነው። የፈተኗት ባዶዋን ነው። የመርሳ ሰርግ ደግሞ ባዶ መኪና አያውቅም፤ ሚዜው፣ የሚዜው ጓደኛ፣ የጓደኛው ታናሽ ወንድም ሁሉም ተደራርቦ ነው የሚሄደው። ያን ጊዜ መኪናዋ ትወርድና ጠርዙ ጎማውን ይልጠዋል። አባቷ ይህን አጥተውት አይደለም፤ በሙሄዲን ሲደሰቱ ረስተውት ነው። ይሄኛው የበለጠ አንገበገባት።

ዝም ብትልስ? ነገ ጎማው ሲፈነዳ «ማነው የሠራው?» ይባላል። «ሙሄዲን።» ይህን ስታስብ ደስ አላት፣ በጣም ደስ አላት። ግን ጎማው የሚፈነዳው ሰው ጭኖ ነው። ሙሽሪትም ውስጥ ትኖራለች።

እንግዲያው አባቷ እስኪመለሱ ጠብቃ፣ ሚስባህም ባለበት ብትናገርስ?

«ኢብቲ፣ እንዴት አየሽው?» አለ ሙሄዲን እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «ከእኔ ወዲያ ላሳር!»

ዱላውን በራሱ ላይ ብትሰብረው በወደደች።

«ግባ» አለችው።

«የት?»

«መኪናው ውስጥ። ከኋላ።»

ኳስ የሚጫወቱትን የሰፈር ልጆች ጠራቻቸው። እየተጋፉ ገቡ፤ አንዱ በአንዱ ጭን ላይ ተቀመጠ። እሷ ከኋላ ሆና መኪናዋን በሁለት እጇ ተጭና ወዘወዘቻት።

ክርርር አለ።

የሙሄዲን ሳቅ ጠፋ። «በአላህ ኢብቲ፣ ለአጎቴ እንዳትነግሪ» አለ በመስኮቱ። «ልውረድና ቶሎ ላስተካክለው። ዱላውን አቀብይኝ።»

ዱላው ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ሄዳ አነሳችው። ካሰበችው በላይ ይከብዳል።

«ቁጭ በል» አለችው። «አንተ ከወረድክ መኪናዋም ከፍ ትላለች።»

ውስጥ ቦታ ያጡት ልጆች ከኋላ መግፋት ጀመሩ። ዱላውን ሰክታ በሁለት እጇ ያዘችው። ጎማው ቀስ እያለ ሲዞር ጠርዙ ቀጭ፣ ቀጭ እያለ ታጠፈላት። አንዱን ጎን ጨርሳ ወደ ሌላው ዞረች።

አባቷ ከመስጊድ ሲመለሱ በልጆች የታጨቀችውን መኪና አይተው ቆሙ።

«ሙሄዲን የታል?»

«ከኋላ ተቀምጧል» አለች ቀና ሳትል። «ለክብደት ነው።»

አባቷ መኪናዋ ምን ያህል እንደወረደች አዩ። የታጠፈውን ጠርዝ ጎንበስ ብለው በጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ ዱላውን ለመቀበል እጃቸውን ዘረጉ።

ኢብቲሳም አልሰጠቻቸውም።

«አባዬ» አለች፣ «እርስዎ ከኋላ ይግፉልኝ።»