ልብስ ሰፊዋና የምራቷ ትንፋሽ

ሞት አንዱን ወስዶ ሌላውን ሲተው ማንን አማክሮ ያውቃል? ልብስ ሰፊዋ አሮጊት አንድ ልጇን ከቀበረች ሁለት ዓመቷ ነው። በቤቱ የቀሩት እሷ፣ የስፌት መኪናዋና የልጇ ሚስት ብቻ ናቸው። ዓይኗ ከደከመ ወዲህ መርፌዋ ላይ ክር የምታስገባላት ምራቷ ነበረች። አመሰገነቻት? ምን በወጣት! «የልጄ ሚስት» ትላታለች እንጂ አንድ ቀን «ልጄ» ብላት አታውቅም። ያ ቃል ከልጇ ጋር የተቀበረ መስሏት ነበር…

በዚህ ላይ የሐሞት ጠጠር መጣ። ሐኪሞቹ የምራቲቱን ሆድ ሳይተረትሩ፣ በአራት ትንንሽ ቀዳዳ በካሜራ እያዩ ጠጠሩን ከነከረጢቱ አወጡላት። «ሆድሽን የነፋንበት ጋዝ ትከሻሽን ይወጋሽ ይሆናል፤ ይለቅሻል» ብለው በማግስቱ ወደ ቤቷ ሸኟት። ይህች ምክር ናት ጉድ የሠራች! በሦስተኛው ቀን ምራቲቱ «ትከሻዬን… ትንፋሼን…» ስትል፣ አሮጊቷ ከመኪናዋ ቀና እንኳ አላለችም።

«ጋዝ ነው ተብሎ የለ! እኔ ወልጄ በሳምንቱ ስፌት ላይ ነበርኩ። አንቺ በአራት የቁልፍ ቀዳዳ አልጋ ያዝሽ!»

«እሺ፣ እማማ።»

አንጀቷ ግን እንደ ምላሷ መች ይጨክናል? በነጋታው ቁስሏን የማይጫን ሰፊ ቀሚስ ልትሰፋላት ሜትሯን ይዛ አልጋው አጠገብ ቆመች። ሜትሩን በደረቷ ዙሪያ አዙራ፣ በሁለት መዳፏ ግራና ቀኙን ያዝ አድርጋ፣ ደንበኞቿን ሁሉ እንደምትለው «እስቲ በረጅሙ ተንፍሺ» አለቻት። አርባ ዓመት ደረት የለካ እጅ አይሳሳትም። ግራ ጎኗ ከፍ አለ፤ ቀኙ ግን… ንቅንቅ አላለም! ቀና ብላ ብታያት ከንፈሯ ጠቁሯል። ወይኔ! ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳታደርግ ጎረቤቷን ባለታክሲ እየጮኸች ጠራች።

«አየር አፈትልኮ ሳንባዋን ከውጭ ተጭኖታል» አለ ሐኪሙ። «ከእንዲህ ያለ ቀዶ ጥገና በኋላ እምብዛም አይገጥመንም። ትንሽ ብትዘገዩ… በምን አወቁ፣ እናቴ?»

«በሜትሬ» አለችና እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀች።

በጎኗ ቱቦ አስገቡላት፤ አየሩ ወጣ። ቱቦው በገባ በአምስተኛው ቀን አሮጊቷ የሆስፒታሉ አልጋ ላይ ተቀምጣ መዳፎቿን መልሳ በምራቷ ደረት ላይ አኖረች። ሁለቱም እኩል ተነሡ!

«ይቅር በይኝ፣ ልጄ።»

የምራቲቱ እንባ ዱብ ዱብ አለ። «ምን አሉኝ?»

«ሰምተሻል! የታመመው ሳንባሽ እንጂ ጆሮሽ አይደለም…»

ዕጣ የነጠቀውን አይመልስም፤ የሄደውን ስናይ ግን አጠገባችን የሚተነፍሰውን ስንቶቻችን እንዘነጋለን? አሮጊቷ ዛሬም ምራቷ ክር ባስገባችላት ቁጥር «ተመስገን» ትላለች፤ ጮክ ብላ፣ ልጇ እንድትሰማ።